ለድራማው ዘበኛ የተነፋው ጥሩንባ

ይድረስ ለደቻሳ፣ ያለህበትን አድራሻ በደንብ ባላውቀውም፤

ደቹዬ፣ «እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬን አቆምኩ። ለሞተ ባል ጤና ይጠየቃል? ከዚያ ግን አንተ ራስህ በሰበታ ገበያ መሀል የታረደ በግ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ስታይ ቆብህን አንሥተህ «በጉ እንዴት ነው?» ስትል የኖርክ ሰው ስለሆንክ እንደማትቀየመኝ ታወሰኝ። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ሳልጽፍልህ የቆየሁት ቃል አጥቼ አይደለም፤ ቃልማ ሞልቷል። ኀዘን ብቻ ከጻፍኩልህ ሁለተኛውን ገጽ እንደማትገልጥ ስለማውቅ፣ የሚያስቅ ነገር እስኪገኝ ስጠብቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ተገኘ። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ደብዳቤ ነውና አስቀድሜ የቤቱን ወሬ።

የሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ተቀየረ። አሁን ዝናብ ሲመጣ እንደ ድሮው ባልዲ ፍለጋ አንሯሯጥም፤ ክረምቱ ትንሽ ደብሮኛል። ልጃችን ሲፈን ኮዬ ፈጬ የደረሳት ኮንዶሚኒየም ገብታለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች፣ ግን ሁልጊዜ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ሆና ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ስልኩ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ላለፉት ሰባት ወራት አንድም ወሬ ጨርሰን አናውቅም። የጎረቤቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው ምን እንዳደረገ እስካሁን አላወቅሁም።

በርጩማህንም መለሱልኝ። በሞትክ በሁለተኛው ሳምንት የድራማው ሾፌር ሱሉልታ ካለው መቅረጫ ግቢ ድረስ ይዞት መጣ፤ ከካፖርትህ፣ ከቆብህና ከፊሽካህ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ። ከወጥ ቤቴ ሳታስፈቅደኝ የወሰድከው ያው ባለ ሦስት እግር፣ አንድ እግሩ የላላው በርጩማ። ሾፌሩ ሲያስረክበኝ «ሰባራ ነው፣ እንዳይጥልዎት» አለኝ። አገር ምድሩ ይህን በርጩማ በቴሌቪዥን ሲያየው ኖሮ፣ መጣሉን ለእኔ ለባለቤቱ ሊነግረኝ።

አሁን አንተ የምታውቀውን ልድገምልህ፤ ስለ ራስህ ሲወራ መስማት እንደማትጠላ አውቃለሁና። በዚያ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነበርክ። የወታደር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ፣ ግን ሁሉም «ሻምበል» የሚለው ዘበኛ። ሥራህ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የቤቱ እመቤት ራሷ ከመኪና ወርዳ የገዛ በሯን ስታንኳኳ በትንሿ መስኮት ብቅ ብለህ «ማንን ፈልገው ነው?» ማለት። ሁለተኛው፣ ከበርጩማው መውደቅ። የሥራ ጓደኛህ ሽፈራው ደላላ ሆኖ ይመጣና አንተን አነሣለሁ ብሎ እላይህ ላይ ይወድቃል። የሚንጫጫ ሙዚቃ ይለቀቃል። ከዚያ ካሜራው ወደ ሳሎን ይመለሳል፤ እመቤቲቱ ታለቅሳለች።

«እኛ እኮ ማስታወቂያ ነን» ትለኝ ነበር። «ልዩነቱ የምንሸጠው ሳሙና የለንም።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። አንተ በመውደቅህ አፍረህ አታውቅም፤ ያሳፈረህ ከመውደቅ ሌላ ምንም አለመጠየቅህ ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተህ ሽፋኑ ላይ «ለዳይሬክተሩ የሚነገር» ብለህ ጻፍክበት። ቀረጻ ባለ ቁጥር ጠዋት ጢምህን እየተላጨህ የምትናገረውን በመስታወት ፊት ታጠናለህ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳይሬክተሩን ሆኜ እሰማሃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አሳማኝ ነበርክ። ማታ ስትመለስ ነገርከው ወይ እልሃለሁ። «እሺ አልኩት» ትለኛለህ። ምን ብሎህ ስልህ፣ «ውደቅ ብሎኝ።»

ስትሞት ደብተሩ ሠላሳ አንድ ገጽ ሞልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ የሰማው ግን «እሺ» የምትለውን ብቻ ነው።

በድራማው ውስጥ ምን አደረጉህ መሰለህ? ፈቃድ አወጡህ። እመቤቲቱ መኪናዋን ራሷ በር ከፍታ ስታስገባ የቤት ሠራተኛዋን «ሻምበል የት ሄደ?» አለቻት፤ «ፈቃድ ወጥቷል» አለቻት፤ አለቀ። ሃያ ዓመት በመድረክም በቴሌቪዥንም የወደቀ ሰው በሁለት ቃል ተሸኘ። ይህን ያዩት የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ አመኑ። ወይዘሮ በቀለች፣ ያቺ በቀብርህ ቀን ከወዲህ ከወዲያ እንዳልወድቅ ይዛኝ የነበረችው ጎረቤታችን፣ ሽንኩርት ስንገዛ «ለመሆኑ ፈቃዱ መቼ ነው የሚያልቅ?» አለችኝ። እስካሁን አላሳወቀም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ትንሽ የተቀየመችህም መሰለኝ።

እዚህ ድረስ እኔም ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሽፈራው የመጣ ቀን ነው።

ከቡራዩ ሁለት ታክሲ ቀይሮ መጣ። ምሳ አቀረብኩለት፤ አልበላም። ሽፈራው ምግብ እምቢ ሲል በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ሌላ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ነገሩን አወጣው። ደላላው በሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ዱባይ ሊሄድ ነው። መቼም በዚያ ድራማ ሰው የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ፈቃድ ይወጣል ወይ ዱባይ ይሄዳል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሥራ አልተማረም፤ የሚያነሣው ሰው ስለሌለ የሚሠራው የለም ብለውታል።

«ብቻውን የሚወድቅ ሰው አያስቅም አሉኝ» አለ። «ውሸታቸውን አይደለም እኮ።»

እሱን ሸኝቼ ስመለስ ደብተርህን ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት።

በማግስቱ ከሰበታ ተሳፍሬ፣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ እንጦጦን ወጥቼና ወርጄ ሱሉልታ ገባሁ። በመንገድ ላይ በመስታወት ፊት ስታጠናው የሰማሁህን ሁሉ እኔም አጠናሁት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ጸሎት መስሎት ይሁን ምን፣ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለልኝ። የሱሉልታ ብርድ እንዳለ ነው። የመቅረጫው ግቢም እንዳለ ነው፤ የዘበኛ ቤትህ ውስጥ የመብራት ገመድ አከማችተውበታል።

ዳይሬክተሩ ናትናኤል መቼም ጨዋ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «እሺ» ብዬ ደብተሩን ሰጠሁት። አየህ፣ ከእንግዲህ አልቀልድብህም፤ እዚያ ሰውዬ ፊት ሲቆሙ እሺ ብቻ ነው የሚወጣው።

ቆሞ ማንበብ ጀመረ። አንደኛው ገጽ ላይ፣ «ስንመጣ ያንን ሙዚቃ አትልቀቁብን፤ ሰው መቼ እንደሚስቅ ራሱ ያውቃል» ያልከው ላይ ፈገግ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ሽፈራውን አንድ ቀን ዝም አሰኙትና ፊቱን ብቻ ቅረጹት፤ የዚያን ቀን ታመሰግኑኛላችሁ» ያልከው ላይ ፈገግታው ቆመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ይላል፣ አንተው ነህ የጻፍከው፦

«በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ ወጣ የማውቀው እኔ ነኝ። የሟቹ ጌታ ኑዛዜ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልጆቹ ተካሰሱ፣ ፖሊስ መጣ፣ ጠበቃ መጣ፣ አንዷ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። እስካሁን እኔን የጠየቀኝ የለም። እንደሚያስቅ ሰው ምስጢር ለመደበቅ የሚመች የለም፤ ማንም አይፈትሸውም።»

ናትናኤል ስልኩን አንሥቶ ለድራማው ጸሐፊ ደወለ። «ዘበኛውን ለምንድን ነው ያልጠየቅነው?» አለው። ናትናኤል ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ ሃሎ አለ።

ከዚያ በኋላ ተደራደርን። ሻምበል መሞቱ በድራማው ውስጥም ይነገራል፤ ለቅሶው በትውልድ ቦታው በሰበታ ይቀረጻል፤ ትዕይንቱን ደላላው ይይዛል። ሽፈራው ከያዘው ይቀጥላል፤ ካልያዘው ዱባይ። ይህን ሁሉ በጨዋ ደንብ ነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ በለቅሶው መሀል ሽፈራው በርጩማህ ላይ ተቀምጦ መውደቅ አለበት። ሕዝቡ የለመደው ነው፣ ስፖንሰሮቹም ይጠብቁታል አለ። ደብተሩን እያየሁ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዝም በሉ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዝምታ መቼ እንደሚያዋጣ አውቃለሁ።

ሽፈራው በርጩማውን ወስዶ ቡራዩ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳምንት ተለማመደበት። ከዚያ ክርኑን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። መውደቁ አላስቸገረውም፤ ያስቸገረው ከመውደቁ በፊት ያለው ነው። በርጩማው ገና ሲነኩት ይጥላል። ደቻሳ እንዴት አድርጎ ነው ሩብ ሰዓት ሙሉ ይቀመጥበት የነበረው አለኝ። አይቀመጥበትም ነበር አልኩት። በጭኑ ነው የሚቆመው፤ በርጩማው ለዓይን ነው፤ ሲፈልግ ጉልበቱን ይለቅቃል፣ ይወድቃል። ሽፈራው አፉን ከፍቶ አየኝ። ሃያ ዓመት አብሮህ ወድቆ ይህን አላወቀም። እኔ እንኳ ያወቅሁት የእግርህን ሥር በቅባት ሳሽልህ ስለኖርኩ ነው።

እንግዲህ ወደሚያስቀው መጣሁልህ።

የድራማው ሰዎች የእድራችንን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ለአንድ ቅዳሜ እንዲያውሷቸው ጠየቁ። የእድሩ ዳኛም ጸሐፊም ፈቀዱ፤ ለደቻሳ ከሆነማ ምን ችግር አለው አሉ። ነገሩ የተያዘው ኦቦ ገመቹ ጋ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊና የዕቃ ቤት ኃላፊ መሆናቸውን አልረሳህም። የመተዳደሪያ ደንቡን አውጥተው አነበቡ፤ ድንኳን ያለ ጥሩንባ ከዕቃ ቤት አይወጣም ይላል። ደንቡን ካረቀቁት አንዱ አንተ ነህ፤ ድንኳናችን ለሠርግ እንዳይወሰድ ብለህ ያስገባሃት አንቀጽ ናት። ለፊልም ነው ቢሏቸው፣ ለፊልም የሚል አንቀጽ የለም አሉ።

ስለዚህ ነፉ። ቅዳሜ ማለዳ ከላይ እስከ ታች ሰፈሩን ዞሩት። ኦቦ ገመቹ ደግሞ እንደምታውቃቸው ሐሰት አይናገሩም። «የቴሌቪዥኑ ዘበኛ ሻምበል በድራማው ውስጥ ስላረፉ ለቅሶ ድረሱ» እያሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ቃል በቃል ነው የተናገሩት። የሰማውም ሁሉ በትክክል ነው የሰማው። ሆኖም ሌላም ደንብ አለ፤ ጥሩንባ ከተነፋ የቀረ ይቀጣል። በየትኛው ዓለም ውስጥ የሞተ ሰው እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ የለም። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አጣፍተው መጡ። ባለሱቁ ሐጂ ጀማል ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከተፍኪ የእህትህ ልጆች በጭነት መኪና መጡ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆመው ስም መዘገቡ።

ናትናኤል ሃያ አጃቢ ተዋናዮች ከአዲስ አበባ አስጭኖ ነበር። ዓለም ገና ላይ መንገድ ተዘጋግቶባቸው ሲደርሱ ድንኳኑ ሞልቷል። ኦቦ ገመቹ ለለቅሶ አርፍዶ መምጣት ነውር መሆኑን በትሕትና ነገሯቸውና ውጭ አስቀመጧቸው። ለማልቀስ ተከፍሏቸው የመጡ ሰዎች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ውስጥ በነጻ ሲለቀስ ሰሙ።

ድራማው ላይ እንዲህ ነበር የተጻፈው። ሽፈራው ድንኳኑ መግቢያ ላይ በርጩማህ ላይ ይቀመጣል። እመቤቲቱ በጥቁር መኪና መጥታ ስትገባ ተነሥቶ ስለ ሻምበል ረጅም ንግግር ያደርጋል። መልሶ ሲቀመጥ ይወድቃል።

ናትናኤል ማስጀመሩን በእጁ አሳየ። ሽፈራው ካፖርትህን ለብሶ መጣና በርጩማህ ላይ ተቀመጠ።

ደቹ፣ ያኔ ድንኳኑን ብታየው። የሰበታ ሰው ሁሉ ያንን በርጩማ ያውቀዋል። ዋይታው ቆመ። ያ ሁሉ ሰው የሽፈራውን መቀመጫ እያየ ትንፋሹን ያዘ፤ ወይዘሮ በቀለች ሊወድቅ ነው ብላ እጄን ጨመቀችው። አልወደቀም። ተቀምጦ ዝም አለ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በካፖርቱ ጫፍ ላይ ይታያል። ፊቱ ግን ምንም አልሆነም፤ ፊቱ በር የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። አንተ በደብተርህ የጻፍከውን ያኔ በዓይኔ አየሁት። ያ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ኖሮ፣ ማንም አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ አላየውም።

እመቤቲቱን የምትጫወተዋ ገባች። ከሦስት ዓመት በላይ በታዘዘችበት ሰዓት ያለቀሰች ተዋናይት ናት፤ እንባዋ በቀኝ ዓይኗ ይጀምር ወይስ በግራ ብላ የምትጠይቅ። እንደተጻፈው ሽፈራው መነሣት ነበረበት። አልተነሣም። ንግግሩንም አልጀመረም። ከበርጩማው ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አያትና፣

«ማንን ፈልገው ነው?» አላት።

የምትመልሰው አልተጻፈላትም። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ያዘች፣ ግን አመለጣት። ከዚያ በዚያው ሳቅ መሀል እንባዋ መጣ፣ በሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ ጊዜ። ድንኳኑ ሙሉ ተከተላት። እየሳቀ የሚያለቅስ ይህን ያህል ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ደብተርህ ገጽ አሥራ አራት ላይ «መሪ ተዋናይቷን ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን ባስቃት» ብለሃል። ትንሽ ዘገየህ እንጂ ተሳክቶልሃል።

ናትናኤል «ካት» አለ። ማንም አልሰማውም። ደግሞ አለ። ከዚያ ለጥንቃቄ አንድ ጊዜ እንድገመው ብሎ ለሕዝቡ ማስረዳት ሲጀምር ወይዘሮ በቀለች ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም፣ ልጄ፣ እኛ እዚህ ሥራ አለን አለችው። የመጣነው ለአንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለማልቀስ መሆኑን ማንም አላስታወሳትም። ስለዚህ ያለው ያ አንድ ቀረጻ ብቻ ሆነ። የሽፈራው እንጀራ በሙሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር፤ መውደቁ ደግሞ የለበትም።

ናትናኤል ማሳያውን ደጋግሞ አየው። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ሽፈራው እስካሁን በርጩማው ላይ ነው፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ናትናኤል ያያል። በመጨረሻ ናትናኤል ቆቡን አወለቀና ሳይዞር፣ «ጋሽ ሽፈራው፣ መውደቁ ይቅር» አለ።

ይህን ሲሰማ ሽፈራው ጉልበቱን ለቀቀ። እንዴት ያለ አወዳደቅ መሰለህ፤ ካፖርቱ፣ ቆቡ፣ ፊሽካው፣ ሁሉም በየአቅጣጫው። ካሜራው ጠፍቶ ነበር። ያየነው የሰፈሩ ሰዎች ብቻ ነን። ኦቦ ገመቹ ሊያነሡት ሄደው እላዩ ላይ ወደቁ፤ እሳቸው ግን አስበውበት አይመስለኝም። ያቺ የሽፈራው አወዳደቅ ለአንተ የተወደቀች ናት፤ ለሌላ ሰው አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ተላለፈ። ሽፈራው ከነሚስቱ ከቡራዩ መጣ፤ ሲፈንም አውቶቡስ ሳትጠብቅ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ኦቦ ገመቹም ነበሩ። ሙዚቃ አላስገቡበትም። የሽፈራው ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሲፈን እንባዋን እየጠረገች ኀዘኑ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው አያችሁ አለች። ሽፈራው አፉን ሞልቶ ይበላ ነበር። «ጉልበቴ ነው» አላት። ጎርሶ ዋጠና ቆይቶ፣ «ኀዘንም ነበረበት» አለ።

ዱባይ ቀርቷል። አሁን በድራማው ውስጥ ሻምበል የገባ የወጣውን ሁሉ የመዘገበበት ደብተር ከዘበኛ ቤቱ ፍራሽ ሥር ተገኝቷል፤ ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችለው ደላላው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጠበቃና ወራሽ ሽፈራውን ምሳ ሊጋብዝ ይሽቀዳደማል። አሁንም ያስቃል፤ ግን ሲስቅ ሁሉም ይፈራል። ወይዘሮ በቀለች ኑዛዜውን ማን እንደሰረቀ ደብተሩ ላይ አንተ ጽፈኸው እንደሆነ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በድራማው መጨረሻ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ላይ ሠላሳ አንዱን ገጽህን አስበው ስምህን ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ አስገብተውታል። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ መነጽሬን አድርጌ አይቼዋለሁ።

ሽፈራው አሁን በር ላይ ስለሚቀመጥ በርጩማውን እንድሰጣቸው ናትናኤል ለመነኝ። እምቢ አልኩት። ቡራዩ ያለ አናጺ አምሳያውን እንዲሠራ አዘዙት፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ እግሩ የማይነቃነቅ ዕቃ ሲሠራ የኖረ በመሆኑ፣ እንዲጥል አድርገህ ሥራ ሲሉት እጁ እምቢ አለው።

ዋናው እቤት ነው፤ ከውጭው በር አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ሲፈን ሁለት ምስማር ልምታበት ብላኝ ነበር፤ ከለከልኳት። ደቹዬ፣ ይህን በርጩማ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይጠግነውም፤ ቃሌ ነው። አንተን የማያውቅ ሰው ይመጣል፣ አረፍ ልበል ብሎ ይቀመጥበታል፣ ይወድቃል። አነሣዋለሁ፤ አቧራውን አራግፍለታለሁ። ይህ ምን ዓይነት በርጩማ ነው ይለኛል። ያኔ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ፣ ከበጉ።

እኔንም ከገበያ ስመለስ በገዛ በሬ ላይ ታቆመኝ አልነበር? ሁለት ዘንቢል ይዤ፣ እጄ እየተቆረጠ፣ በቀዳዳው እያየኸኝ «ማንን ፈልገው ነው?» ስትለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ደህና መልስ ሰጥቼህ አላውቅም፤ ክፈት እንግዲህ ነበር መልሴ። አሁን ቁልፉ በእጄ ነው። ቢሆንም ከመክፈቴ በፊት ዘንቢሉን አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ። የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ተናግሬ ነው የምገባው።

ባለቤትህ፣
ከሰበታ